ማንም ያልቀመሰው ምሳ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ሁዳዴና ረመዳን በገጠሙበት ጊዜ ነው። ለሰው ማውራቱ እስካሁን ያሳፍረኛል። ግን የምሳ ዕቃዬን በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ጽፌው ልገላገል።

የምሠራው ጀጎል ውስጥ፣ ከፈላና በር ብዙም በማይርቅ ልብስ ስፌት ቤት ነው። አራት ሴቶች ነን። ሦስቱ የሐረር ሙስሊሞች ናቸው፤ ክርስቲያኗ እኔ ብቻ ነኝ። ታላቃችንም የስፌት ቤቱ ባለቤትም እማ ሰዓዳ ናቸው፤ ስልሳ ዓመት አልፏቸው መርፌ ላይ ክር ያለ መነጽር ያስገባሉ።

እኔ የምጾመው እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ እነሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ከጨርቁ ክምር ኋላ ተደብቄ ምሳዬን እጎርሳለሁ። ምሳ ከተባለ ነው። ጠዋት ስለምቻኮል እንጀራ ላይ ድልህ ቀብቼ፣ ጠቅልዬ እመጣለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ አጣምሜ ሰፋሁና እማ ሰዓዳ ፈትተው እንደገና ሰፉልኝ።

አልተቆጡኝም። የምሳ ዕቃዬን ብቻ ከፈት አድርገው አዩት።

"አቦ አስቴር፣ በዚህ ነው ቀኑን ሙሉ መርፌ የምትይዢው?" አሉኝ።

በማግስቱ በጨርቅ የታሰረ ምሳ ዕቃ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ። ምስር ወጥ በእንጀራ፣ ድንች በካሮት፣ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ጥግ ላይ አራት ፍሬ ቴምር። "የጾም ነው፤ ቅቤም ሥጋም የለበትም። ብዪ" አሉኝ።

ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አልበላሁትም። ትናንት ሥጋ የተሠራበት ድስት ቢሆንስ፣ ጾሜ ቢፈርስስ ብዬ ጠረጠርኩ። እምቢ እንዳልልም ይሉኝታ ያዘኝ። ድልሄን በልቼ፣ የሳቸውን ቤት ወስጄ አብራኝ ለተከራየችው ለመሠረት ሰጠኋት። መሠረት አራስ ስለነበረች አትጾምም።

ባዶውን ዕቃ ስመልስላቸው "ጨው እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ልክ ነው እማ፣ እጅዎ ይባረክ።"

በየቀኑ ይጠይቁኛል፣ በየቀኑ ልክ ነው እላለሁ። ሳምንቱ እንዲሁ አለቀ።

አንድ ጠዋት እማ ሰዓዳ ክር ሊገዙ ወጥተው ሳለ ልጃቸው ነጅማ ምሳዬን ይዛ መጣች። አጠገቤ ቁጭ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ወላሂ እውነቱን ንገሪኝ፣ ጨዉ ልክ ነው? እማዬ ሐሳብ ይዟታል። ትኩስ እንዲደርስሽ ብላ ጠዋት ነው የምትሠራው። ጾም ላይ ስለሆነች ምላሷን አታስነካውም። እኛም ጾመኞች ነን፤ የሚቀምስላት የለም።"

ቀጥላ ስለ ድስቱ ነገረችኝ። እማ ሰዓዳ የቤቱ ድስት ሁሉ ቅቤ ያውቀዋል፣ የሰው ጾም አላበላሽም ብለው ጊደር መጋላ ገበያ ሄደው አዲስ ገዝተዋል። ማማሰያው እንኳ ለብቻ ነው። ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም።

እኔ በልቤ የእማ ሰዓዳን ድስት ስጠረጥር፣ እሳቸው ከእኔ በላይ ለጾሜ ሲጠነቀቁ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሞላ ከፍቼ ጎረስኩ። ጨው የሚባል ነገር የለውም። እንዳይበዛብኝ ፈርተው መጀመሪያ ቀን ቆንጠር አድርገዋል፤ እኔ ልክ ነው ስላልኩ በዚያው ቀጥለዋል። እንባዬ እየወረደ አንድ ፍሬ ሽምብራ ሳላስቀር ጨረስኩት።

ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሥራው ቢያስወጡኝም አልፈርድባቸውም ነበር። ክራቸውን መርፌው ላይ አስገቡ።

"ሳምንቱን ሙሉ ድልህ ነው የበላሽው?"

"አዎ እማ።"

"እጅሽ እንዴት አይንቀጠቀጥ።" ቀና አሉና "ዛሬስ?" አሉኝ።

"ዛሬ በላሁ።"

"ጨውስ?"

"የለውም እማ።"

ያን ጊዜ ፈገግ አሉ። "አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ገና በላሽ" አሉኝ።

ዘንድሮም ጾሞቻችን ገጥመዋል። ጠዋት ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት ቤታቸው እየሄድኩ፣ በዚያ ድስት አብረን እንሠራለን። ሁለታችንም ጾመኞች ስለሆንን አሁንም የሚቀምስ የለም። ጨዉን መዳፋቸው ላይ አድርገው ያሳዩኛል፣ እኔ በዓይኔ እለካለሁ። ተርበው የማይቀምሱትን ምግብ፣ ለማያምናቸው ሰው ሳምንት ሙሉ መሥራት ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ ሳስበው አሁንም ይደንቀኛል። እኔ ያ ልብ ያለኝ አይመስለኝም።

ከጨርቁ ክምር ኋላ መደበቅ ግን ትቻለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ እከፍታለሁ። የመጀመሪያውን ስጎርስ መርፌያቸውን አቁመው ፊቴን ያያሉ።