የጂኔስትራ ሥር

አክስት ኢንኮሮናታ ከገደሉ ሥር የዛቁትን አፈር በቅርጫት ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ፣ ገደሉ እየተናደ ስለሆነ መቃብሩን ሊያዛውሩ ከሜዳው ከተማ ከመጡት ሠራተኞች አንዱ፣ ሳቬሪዮ የሚሉት ጎልማሳ፣ አካፋውን አስቀምጦ ወደ እሳቸው ወረደ። ጓደኞቹ ተዉት ብሎ ሊመክራቸው የሄደ መሰላቸው። እሱ ግን ቅርጫቱን ተቀበለና አሮጊቷ ሊደፉበት ወዳሰቡት ስንጥቅ ወስዶ ደፋው፤ ተንበርክኮም በመዳፉ ጠቀጠቀው። እንደማይጠቅም ያውቃል።

ስንጥቁ የነበረው በገደሉ ጫፍ፣ ሕፃናት በተቀበሩበት ረድፍ አጠገብ ነው። የአክስት ኢንኮሮናታ ብቸኛ ልጅ፣ የአንድ ክረምት ዕድሜ ብቻ የኖረችው ሮዛሪያ፣ እዚያ ተኝታለች።

በመንደራችን በሞንቴክሬታ ምድር ከሰው ቀድማ ታረጃለች። የበጋ ፀሐይ ሸክላውን እንደ ገበሬ ተረከዝ ይሰነጣጥቀዋል፤ የክረምቱ ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ከውስጥ ያላላዋል፤ ከዚያ ወዲያ ገደሉ ከነተሸከመው ሁሉ ይወርዳል። ድንጋይም ቢሆን አይተርፍም። ውርጩ የሮዛሪያን የመቃብር ድንጋይ እንደ ሽንኩርት ልጦት፣ ስሟ ከላዩ ጠፍቷል። የእናቷ ጣት ብቻ ፊደሎቹ የነበሩበትን ቦታ አይስትም።

«አክስቴ፣ ዛሬም ተራራውን ወደ ቦታው እየመለሱት ነው?» አላቸው የመቃብሩ ጠባቂ ኤጂዲዮ።

«አንተ ጥላ ሥር ከምታንኮራፋ ብታግዘኝ ኖሮ እስካሁን መልሼው ነበር።» ቅርጫታቸውን አራገፉ። «የልጆቹ ረድፍ መቼ ይነሣል?»

«መጨረሻ ላይ። መሬቱ ሰው አይሸከምም፣ ይድረቅ ብለዋል አለቆቹ።»

«በኅዳር፣ ዝናብ ሲገባ፣ ምን ይደርቃል፣ ኤጂዲዮ?»

ኤጂዲዮ ቆቡን አውልቆ በእጁ አዟዟረው።

ይህ ጫፍ ድሮ እንዲህ ራቁቱን አልነበረም። ጂኔስትራ የሚባለው ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ከዳር እስከ ዳር ለብሶት ነበር። በቅዱስ ሥጋው በዓል ዋዜማ የመንደሩ ልጃገረዶች ወጥተው አበባውን ያመጡና፣ ካህኑ ቅዱስ ቁርባኑን ይዞ የሚያልፍበትን መንገድ ሁሉ ቢጫ ያለብሱታል። ዝናብ በጣለ ማግስት ሸክላው ስለሚለሰልስ፣ አበባውን አንድ በአንድ ከመልቀም ቁጥቋጦውን ከነሥሩ መንቀል ይቀላል። አበባው ለጌታ፣ ሥሩ ለዳቦ ምድጃ። ከልጃገረዶቹ ሁሉ ደግሞ የኢንኮሮናታን ክንድ የሚያህል አልነበረም። ብዙ ሸክም ይዛ ስትገባ ሴቶቹ «ይህች ልጅ ተባርካለች» ይሏት ነበር። ገደሉን አንቆ የያዘው ያ ሥር መሆኑን የነገራቸው የለም። ለእግዚአብሔር የሰጡ መስሏቸው ነበር፤ በልባቸውም ሰጥተዋል።

በኋላ የበለስ ዛፎቹ ወረዱ። ቀጥሎ የባላቸው የዶናቶ ወይን፣ ከዚያም የመቃብሩ አጥር። ዶናቶ ከመሞቱ በፊት ጫፉ ላይ ቆሞ፣ «ምድሪቱን በገዛ እጃችን ላጨናት» ብሎ ነበር። የእሱ አጽም በጊዜ ተነሥቶ በሜዳው አዲሱ መቃብር አርፏል።

ዝናቡ በኅዳር መጀመሪያ ከሚውለው ከቅዱስ ማርቲኖ በዓል ጀምሮ ሳያባራ ሰነበተ። እሑድ ቅዳሴ ላይ ሳለን አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ትልቅ በሬ ደክሞት በጎኑ ሲተኛ የሚያሰማው ዓይነት። ካህኑ ግን ጸሎቱን ቀጠለ። አክስት ኢንኮሮናታ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከቦታቸው አልተነሡም። ሲወጡ የልጆቹ ረድፍ የለም፤ ከታች ወንዙ ዳር ግራጫ ጭቃ ተከምሯል።

ሳቬሪዮ ጠብቋቸው ኖሮ፣ «እናቴ፣ አለቆቻችን ጠብቁ አሉን…» ብሎ ጀመረ።

«አውቃለሁ ልጄ። አንተ ቅርጫቴን የተሸከምክ ነህ።» ክንዱን ያዙት፤ ቤታቸው እስኪደርሱም አልለቀቁትም።

ያን ክረምት ከቤት አልወጡም። ልጆቹ የወረዱበት ጭቃ ግን በየዝናቡ እየተሸረፈ ወንዝ እየገባ መሆን አለመሆኑን፣ ከታች እርሻ ስላለኝ፣ ሁልጊዜ ይጠይቁኝ ነበር። እኔም አልዋሸኋቸውም።

ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባደድ ከደጃፋቸው ጠሩኝ። ሽርጣቸውን ሰብስበው ይዘዋል። ሲከፍቱት የጂኔስትራ ፍሬ ሞልቶታል፤ ጥቁር፣ የደረቀ፣ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከቀሩት ጥቂት ቁጥቋጦዎች እየተንበረከኩ የለቀሙት ነው።

«በል ና፣ የጎረቤት ልጅ። እስከ ዛሬ ስነቅል ኖርኩ፤ ጉልበቴ ደግሞ ወንዝ ድረስ አያወርደኝም» አሉኝ። «ጌታ የትኛው ጭቃ ልጄ እንደሆነች ያውቃል፤ በትንሣኤ አይሳሳትም። እስከዚያ ግን ወንዙ እያንከባለለ ባሕር እንዳያደርሳት፣ እንደ አባቷ ሜዳ ባታርፍም እዚያው ትረፍ። ይህን ወስደህ ክምሩ ላይ ትዘራልኛለህ? ሲያብብም ለበዓሉ የሚመጡትን ልጆች አበባውን ብቻ ልቀሙ በልልኝ።»