በእጄ የቀረው ጸጉር

ይህ ነገር ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ብረሳው ደስ ባለኝ፤ ግን ጸጉሯን የለቀቀች ሴት ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል። ፊደል አልቆጠርሁም፤ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። እሷም ብትሆን ዛሬ ገና መስማቷ ነው።

ቤቴ ቢቸና ነው። ቤት ይባል እንጂ ከወር አንድ ሳምንት ባድርበት ነው። እግሬ አያርፍም፤ ዛሬ ዘመድ ቤት፣ ነገ ንግሥ፣ ከነገ ወዲያ ጸበል። ያን ጊዜም መርጡለ ማርያም ሰንብቼ ስመለስ ጎረቤቶቼ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የታናሽ እህቴ ልጅ ሞጣ ላይ ሞቶ ኖሯል። ከተቀበረ አሥራ ሁለት ቀኑ። ስልክ አልይዝ፣ የት ብለው ያግኙኝ! እህቴ ቀድማው ስለሞተች እናቱ ማለት እኔ ነበርሁ። እናቱ ሆኜ አፈር ሲለብስ አልነበርሁም።

በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሞጣ ገባሁ። ከደጅ ጀምሬ እየጮኽሁ፣ ደረቴን እየደቃሁ ነው የደረስሁት። ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጡኝ። እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል ሚስቱን ሰብለን አየኋት። የአራት ዓመት ልጇን ታቅፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳለች፣ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ከሻሹ ሥር ግን የተተኮሰ ጸጉር ትከሻዋ ላይ ወርዷል።

እኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ትላጫለች። እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ ከቀብር መልስ ተላጭቼ ክረምቱን ሙሉ ብርድ ራሴን ሲመታኝ ከርሟል። ጸጉሯን ይዛ የተቀመጠች ሚስት ሟቹን እንደናቀችው ይቆጠራል። ደሜ ፈላ።

«ሰብለ፣ ለመሆኑ የሞተብሽ ባልሽ ነው ወይስ የጎረቤት ሰው?» አልኋት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አጠገቤ የነበረች ሴት ቀሚሴን ሳብ አደረገችኝ፤ መንጭቄ አስለቀቅኋት።

«እማማ፣ ጓዳ እንግባና እነግርዎታለሁ» አለች ሰብለ ቀስ ብላ። ዓይኗ ልጅቱ ላይ ነው።

«ጓዳ ምን ያስገባል! ምላጭ የሚይዝልሽ አጥተሽ ነው? ይኸው እኔ መጣሁልሽ!»

«በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ልጅቱ...»

አላስጨረስኋትም። ተነሥቼ ሻሿን ሳብሁት። ከሻሹ ጋር ጸጉሩም እንደ ቆብ ተነሥቶ እጄ ላይ ቀረ። «በስመ አብ!» ብዬ ልጥለው ስል ጣቴ ላይ ተጠመጠመ። ሰብለ ተላጭታለች። ከጆሮዋ በላይ ምላጭ የቆረጠው ቦታ ይታያል።

ልጅቱ የእናቷን ራስ አየችና ጮኸች። ከእቅፏ ተስፈንጥራ «ይቺ አይደለችም! እማዬን አምጡልኝ!» እያለች፣ ቅርብ የነበርሁት እኔ ነኝና ቀሚሴ ውስጥ ተሸጎጠች። ሰብለ እጇን ዘረጋችላት። ልጅቱ ባሰባት፤ እኔን ጭራሽ አጥብቃ ያዘችኝ።

ያጠፋሁት እኔ፣ የታቀፍሁትም እኔ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ነገሩን የነገረችኝ ቀሚሴን የሳበችኝ ሴት ናት። ከሌላ አገር የመጣች፣ ከሰብለ ጋር የምታስተምር መምህርት ናት። ሰብለ የተላጨችው በቀብሩ ዕለት ነበር። ልጅቱ ግን እናቷን አላውቅሽም አለች፤ አባቷ ሲሄድ እናቷንም ይዟት የሄደ መሰላት። ሦስት ቀን ከእጇ አልበላም ስላለች በመጨረሻ መምህርቷ የራሷን ዊግ አምጥታ ለሰብለ ደፋችላት። ልጅቱ ያን ዕለት እናቷ እቅፍ ገብታ በላች።

«እማማ፣ ይህ የአሁን ቅብጠት አይምሰልዎ» አለችኝ መምህርቷ። «በጥንት ዘመን ግብጽ አገር ሰው ከሙቀትና ከቅማል ለመዳን ይላጭና የተሠራ ጸጉር ይደፋ ነበር። የፈረንጅ ነገሥታትም ራሳቸው ሲመለጥ፣ በሽታ ጸጉራቸውን ሲያረግፈው በዚሁ ሸፍነውታል። እስከ ዛሬ ዊግ አድርጎ የሚፈርድ ዳኛ አለ። ዛሬም መድኃኒት ጸጉሯን የጨረሰባት ሴት ታደርገዋለች። ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው። የሰብለ ምክንያት ደግሞ ያቻት።»

ልጅቱ ከእኔ ተላቅቃ ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣ ነበር። ሰብለ ዊጉን መልሳ አድርጋ መጣች። ልጅቱ ዞር ብላ አየቻትና «የውሸት ነው፣ አሮጊቷ ስትነቅለው አይቻለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ ዊጉ አልሠራም።

በማግሥቱ ሰብለ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። «አይዘኑ እማማ፣ ለእሱ ብለው ነው» አለችኝ። እውነቱን ሳልነግራት ተሳፈርሁ። ለእሱ አልነበረም። ዘግይቼ መድረሴ አሳፍሮኝ፣ «እናቱስ የት ነበረች?» እንዳይሉኝ ፈርቼ፣ ከሁሉ በላይ ያዘንሁ ለመምሰል ነው እንደዚያ የጮኽሁት። ቀድሜ እሷ ላይ ጣቴን ቀሰርሁ።

ዓመት ሳይሞላ ሰብለ ሰው ላከችብኝ። ጸጉሯ አድጎ ሹሩባ ተሠርታለች፤ ልጅቱም ወደ እናቷ ተመልሳለች። «ይምጡ፣ ልጅቱ የት ሄዱ እያለች ትጠይቃለች» ብላኛለች። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ሄጃለሁ፤ አንዴ እንዲያውም ተሳፍሬ መኪናው ሳይነሣ ወረድሁ። ልጅቱ አይታኝ ብትሸሽ ይገባኛል፣ የእጄ ነው። የምፈራው ሮጣ መጥታ ያቀፈችኝ እንደሆነ ነው።