ስለ ጓያ ያልላክኋቸው ሦስት መስመሮች

ይህን ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ለሚስቴም አልነገርኩም። አብረውኝ ለሠሩ ጋዜጠኞች አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ዜና ጽፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስሳሳት ማረሚያ አውጥቻለሁ፤ የአንድ ድልድይ ስም ተሳስቼ በማግስቱ አርሜአለሁ። ማረሚያ ያላወጣሁለት ዘገባ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ዘገባ ውስጥ አንድም የሐሰት ዐረፍተ ነገር የለም። ጥፋቴን ለመናገር ከባድ ያደረገብኝም ይኸው ነው።

በደርግ ዘመን ከአዲስ አበባ ወረታ ተመድቤ የሄድኩ ዘጋቢ ነበርኩ። ሥራዬ በፎገራ ሜዳና በዙሪያው ያለውን ወሬ ሰብስቤ፣ በቀጭን ደብተር ጽፌ፣ ከቴሌ ቢሮ ወደ ዋናው ከተማ ደውዬ ማንበብ ነበር። እኔ አነባለሁ፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ይጽፋል፤ በማግስቱ በሬዲዮ ይነገራል። መስመሩ ስለሚቆራረጥ አሳጥሮ መጻፍን ለምጄ ነበር። እንደ ሙያም እኮራበት ነበር።

በሜዳው ላይ ቄስ ሞላልኝ የሚባሉ ወዳጅ ነበሩኝ። ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ አልሞላም፣ ከእኔ ያንሳሉ፤ ቄስ ናቸውና ግን እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንተ ይሉኛል። ደብራቸው ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ ነው። አንድ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ሲቆርጠው ከማዶ ቀርቼ ሦስት ቀን ቤታቸው አደርኩ። ውሃው ጎደል ሲል ጀርባቸውን ሰጡኝና አዝለው አሻገሩኝ። ውሃው እስከ ጭናቸው ይደርሳል፤ ጭቃው እግር ይይዛል። መሃል ላይ ቆም አሉና፣

"ጓድ ጋዜጣ፣ የያዝከው ወሬ ነው ወይስ ድንጋይ? ከበድክ እኮ!" አሉኝ።

ባለቤታቸው ጥሩወርቅ ከዳር ሆና፣ "ኧረ እንዳይጥሏቸው! ነገ በሬዲዮ ያወሩብናል!" ብላ ሳቀች።

እነዚያን እግሮች አደራ፣ አትርሷቸው።

ጓያን ለማያውቅ ሰው፦ ሽንብራ የሚመስል ጥራጥሬ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ውሃው በሸሸበት ጥቁር አፈር ላይ ይዘራል። ዝናብ ቢቀርም አይሞትም፤ ሌላው እህል ሲከዳ እሱ አይከዳም። ግን ሰው ይሰብራል። ትናንት በሬ ጠምዶ የዋለ ጎበዝ ጠዋት ሲነሣ ጉልበቱ ታስሮ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ፣ እግሮቹን እንደ መቀስ እያጠላለፈ፣ በዱላ ነው የሚሄደው፤ እስከ ዕለተ ሞቱ። "ጓያ ሰበረው" ይሉታል።

ሕዝቡ ይፈራ የነበረው እንፋሎቱን ነው። ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት እግር ካገኘ ይሰብራል ይባላል። ስለዚህ ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ወደ ሰው በማይነፍስበት ጥግ ይጣዳል፤ ሴቲቱ ጉልበቷን በቁርበት ትሸፍናለች፤ ወንድ በዚያ በኩል አያልፍም። ጥሩወርቅ ወንድሟ ስለተሰበረባት ከዚህም አልፋ፣ ጓያ የሚባል ነገር ከግቢዋ አታስገባም ነበር። ምክንያቷ ስሕተት ነበር። ቤቷን ግን ጠብቆላታል።

ዝናቡ ገና በነሐሴ ተቆርጦ ጤፉም ዳጉሳውም ሳያፈራ በቀረበት ዓመት፣ ዶክተር አስናቀ የሚባሉ የነርቭ ሐኪም ጥናታቸውን ሊፈጽሙ ወረታ መጡ። ከዚያ በፊትም እየመጡ ቤት ለቤት ዞረው፣ የተሰበሩትን ሰዎች ጉልበት በትንሽ መዶሻ መታ እያደረጉ መርምረዋል፤ ማን ምን እንደበላ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደበላ ጽፈዋል። ስለ እንፋሎቱ ስጠይቃቸው መልሰው ጠየቁኝ።

"ድስቱ ላይ ስታጎነብስ የምትውለው ማን ናት?"

"ሴቷ።"

"የተሰበሩትስ አብዛኞቹ?"

"ጎበዛዝቱ።"

"ታዲያ እንፋሎቱ ሴቷን ዘሎ ነው ባሏን የሚይዘው?"

በገበያ ቀን ወረታ መሃል ጓያ አስጣዱ። ድስቱ ሲንተከተክ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው በርጩማ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን እንፋሎቱ ላይ ዘረጉ። ገበያው ተገልብጦ መጣ። አንዲት ባልቴት፣ "ኧረ በጠባኸው ጡት ተነሣ፣ ልጄ! እናት የለህም?" እያሉ ለመኗቸው። አንድ የበቅሎ ነጋዴ ደግሞ፣ "ይተዉአቸው፣ እናቴ። ሲሰበሩ በቅሎዬን እሸጥላቸዋለሁ" አለ። በሚቀጥለው ገበያ ዶክተሩ በሁለት እግራቸው እየተራመዱ መጡና እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ዘለሉ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ አጨበጨበ። ነጋዴው በቅሎውን ይዞ፣ "ከሰርኩ!" እያለ ሄደ።

ዶክተሩ ዋናውን ነገር የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው። የሚሰብረው መብላቱ ነው አሉ። ምን መደረግ እንዳለበትም ተናገሩ። ያን ጊዜ ግን አብዛኛው ሰው ወደ ገበያው ተበትኖ ነበር፤ የሰሙት ጥቂቶች ናቸው። እኔ ሰምቻለሁ። ሦስት መስመር አድርጌ በደብተሬ ጽፌዋለሁ።

ወደ ቴሌ ቢሮ ስሄድ ምን አሰብኩ? በዚያው ሳምንት የወረዳው አስተዳዳሪ ለመንግሥት ሠራተኞች በተደረገ ስብሰባ ላይ፣ የዕርዳታ እህል እስኪደርስ ሕዝቡን የሚያስደነግጥ ወሬ እንደማይፈልጉ ተናግረው ነበር። ስለ ጓያ አላነሡም። ስለ ዶክተሩም አላነሡም። ጽሑፌን አላዩም፤ አምጣም አላሉኝም። የዘመኑን ክፋት ምክንያት አድርጌ ማምለጥ እችል ነበር፤ ብዙ ሰው ያምነኛል። ግን ማንም አላዘዘኝም። እኔ ነኝ ሳልጠየቅ የታዘዝኩት። ወደ አዲስ አበባ ዝውውር ጠይቄ ነበርና ስሜ በመጥፎ እንዲነሣ አልፈለግሁም። ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ የዶክተሩ እግር፣ ድስቱ፣ ዝላዩ ግሩም ዜና ነበር። "አትብሉ" የሚለው ሲጨመርበት ዜናው ይበላሻል። ሌላ የሚበላ የሌለውን ሰው አትብላ ማለት ምን ይጠቅማል ብዬም ራሴን አሳመንኩ። ግን ዶክተሩ አትብሉ ብቻ አላሉም ነበር። ይህንንም አውቃለሁ።

የቴሌ ቢሮው በር ላይ ቆሜ ሦስቱን መስመሮች በእርሳስ ከበብኳቸው። ገብቼ የቀረውን አነበብኩ።

በማግስቱ ሬዲዮው፣ የጓያ እንፋሎት ሰው እንደማይሰብር በሳይንስ ምርምር ተረጋገጠ፣ አጉል እምነት ተሸነፈ አለ። ከዋናው ከተማ ደውለው አመሰገኑኝ።

ዐቢይ ጾም እንደገባ ወደ ቄስ ሞላልኝ ቤት ሄድኩ። ጥሩወርቅ ከውስጥ አንድ ቁና ጓያ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። በዚያ ቤት ጓያ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

"የገበሬ ማኅበሩ ሬዲዮ ሲናገር ሰምተናል" አለች። "ልቤ ግን አላረፈልኝም። ወረታ ገበያ የዋሉ ሰዎች 'ሐኪሙ መብላቱ ነው የሚሰብር ብሏል' ይላሉ። እርስዎ እዚያው ነበሩ። እውነት ነው?"

ቄስ ሞላልኝ ጣልቃ ገቡ። "አንቺ፣ ሬዲዮ ያለው አይበቃሽም? ገበያ እንደሁ ያልተባለውም ይወለድበታል።"

"እኔ የጠየቅሁ እሳቸውን ነው፤ እርስዎን አይደለም" አለቻቸው። እሳቸው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

"እሱ ገና እየተጠና ነው" አልኩ።

በጽሑፍ አልዋሸሁም ብያለሁ። በአፌ ግን ዋሽቻለሁ፤ ይኸው ነው ውሸቱ፣ አራት ቃል። ለምን? እውነቱን ብነግራት፣ "ታዲያ በሬዲዮ ለምን አልነገሩንም?" ትለኝ ነበር። አንድ ጥያቄ ለመሸሽ ብዬ የሰው እግር ሰጠሁ።

"እንግዲህ ይሁን" አለችና ቁናውን አንሥታ ገባች።

ጓያውን ቆልታ ከፈጨች በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ምሳ ቀረበ። የጓያ ሽሮ ነበር። ሆዴን አሞኛል ብዬ አልበላሁም። አንድ ቀን ቢበሉት እንደማይጎዳ ከዶክተሩ ሰምቼ ነበር፤ አውቅ ነበር። ቢሆንም እጄ አልሄደም። ቄስ ሞላልኝ፣ "በል እንጂ፣ ጓድ ጋዜጣ፣ ጾም ነው ብለህ ነው የናቅኸን?" እያሉ ጎረሱ፤ እኔ ቁጭ ብዬ አየሁ። ከዚህ ሁሉ አንድ ቀን ብቻ መልሰህ ውሰድ ብባል ያን ምሳ እመርጣለሁ።

ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ አንድ ዲያቆን ወረታ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ "ቄስ ሞላልኝን ጓያ ሰበራቸው" አለኝ። ከእርሻ ውለው ገብተው፣ ጠዋት ከመደባቸው መነሣት አቅቷቸው። ቤቱ ከወረታ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አምስት ወር አልሄድኩም።

ዶክተር አስናቀ በዚያው መሃል ተመልሰው መጡ። ዘገባዬን ሰምተውታል። ከመጠየቃቸው በፊት፣ "የተሳሳተ ነገር የለበትም" አልኳቸው።

"የለበትም" አሉ። "አጥሩን አፍርሰህ ገደሉን ሳታሳያቸው ሄድክ እንጂ።" መዶሻቸውን በቦርሳቸው ከተው ወደ ሜዳው ወረዱ።

ዝውውሬ ተፈቀደ። ከመሄዴ በፊት ልሰናበት ሄድኩ። ቄስ ሞላልኝ ከደብሩ ደጀ ሰላም ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ዱላ አጠገባቸው ተጋድሟል። ቅዳሴ ሳያልቅ የማይታዩበት ቦታ ነበር። ቆሞ መቀደስ ያልቻለ ቄስ ምን ያደርጋል? ከውጭ ሆኖ ይሰማል። ድምፃቸው ግን ያው ነበር።

"መጣህ፣ ጓድ ጋዜጣ! አሁንስ አዝዬ አላሻግርህም" አሉኝ።

ከዚያ እንደ ቀልድ ሳይሆን፣ ዝግ ብለው ነገሩኝ። "እንፋሎቱ እንዳልሆነ አንተ አስታውቀኸናል። መብላቱም ቢሆን ገና ይጠናል ብለኸናል፤ ደግሞ ጥሩወርቅም ልጄም አብረውኝ በልተዋል፣ ምንም አልሆኑም። እንግዲህ የቀረው የእኔ ኃጢአት ነው። ምን እንደሆነ አላወቅሁትም። በእነዚህ ዱላዎች ጣራ ገዳም ድረስ ወጥቼ ሱባዔ ገብቻለሁ፤ አልተገለጠልኝም።" ቀና ብለው አዩኝ። "አንተ ሰው መርማሪ ነህ። ያየህብኝ ነገር አለ? አትፈር፣ ንገረኝ።"

"የለም፣ አባ" አልኩ።

እውነት ነበር። ከእውነት በቀር የማልናገር ሰው ሆኛለሁና። እንፋሎቱን ከእጃቸው ወሰድኩ፤ እህሉን ደበቅሁ፤ ባዶ በቀረው ቦታ ላይ ነፍሳቸውን አስቀመጡ። ኃጢአቱ ከፊታቸው ቆሞ፣ ደብተር በኪሱ ይዞ፣ ያልፈጸሙትን ኃጢአት ሲፈልጉ ያያቸዋል። ተሳልሜ መንገድ ጀመርኩ። በሁለት እግሬ።

እኒያ ቄስ አርፈዋል። ሳይገለጥላቸው አረፉ። ጥሩወርቅ አለች ይሉኛል፤ ማንበብ አትችልም፤ ልጇ ግን ትችላለች፤ ይህ ጽሑፍ መጀመሪያ የሚላከው ለልጇ ነው። ጥሩወርቅ፣ ያን ሽሮ የሠራሽው አንቺ ነሽና ራስሽን ስትወቅሺ ኖረሽ እንደሆነ፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀሽ ነበር። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።

ይቅርታ አልለምንም። ከዚያ ቤት ሦስት ቀን መጠለያና አንድ ጀርባ ወስጃለሁ፤ አሁን ደግሞ ይቅርታ ጨምሩልኝ ልል አልችልም። የማደርገው ማረሚያ ማውጣት ብቻ ነው። ደብተሩ አሁንም አለኝ፤ የእርሳሱ ክብ አልለቀቀም። በስልክ ቢነበብ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ዶክተሩ እንደተናገሩት ይኸው፦

"የሚሰብረው መብላቱ ነው፤ በጓያው ውስጥ ያለው መርዝ የአንጎልን ትእዛዝ ወደ እግር የሚያደርሰውን ነርቭ ይጎዳል።
ሌላ ካላችሁ ጓያን ብቻውን በየቀኑ አትብሉ፤ ከሌላ እህል ቀላቅሉት፤ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉት።
የተሰበረውን ሰው ምን ሠርቶ ነው አትበሉት፤ በሽታ ነው እንጂ የእግዜር ቁጣ አይደለም።"