ጋሼ ወልዴ ያደሱት ቁምሳጥን

ልጅ ሳለሁ እናቴ የማታምናቸው አንድ ሰው ለሳምንት ያህል ቤታችን እየመጡ ተረት ነገሩን። ጋሼ ወልዴ ይባላሉ፤ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ጠባብ ሱቅ የነበረቻቸው አናጺ ናቸው። የመጡት ለተረት ሳይሆን የማድቤታችንን ቁምሳጥን ለማደስ ነበር።

ቤታችን ሰባተኛ አካባቢ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ቁምሳጥኑ አንዱን ግድግዳ ሙሉ ይዞ የቆመ፣ ጭስ ያጠቆረው፣ በሩ የዘመመ፣ ቀለሙ የተላላጠ ትልቅ ዕቃ ነበር። እናቴ አውጥተን እንጣለውና አዲስ እንግዛ ትል ነበር። አባቴ ግን በሩን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ፣ «ዝግባ እኮ ነው! ዛሬ እንዲህ ያለ እንጨት ከየት ታመጪያለሽ? ተፍቆ ቢቀባ እኛን ይቀብረናል» አላት። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከጋሼ ወልዴ ጋር ተነጋግሮ በማግስቱ ወደ አሰብ ወጣ።

ያኔ ጊዜው ቤት ለቤት መሣሪያና ወረቀት የሚፈለግበት የአሰሳ ጊዜ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ተማሪ የነበረው አጎቴ ሰለሞን፣ እኛ ጋ ጥቂት ወራት ከተቀመጠ በኋላ አንድ ጠዋት እንደወጣ አልተመለሰም። ጎረቤት ከጠየቀን «አገር ቤት ሄዷል» እንድንል ተነግሮናል። የት እንዳለ እናቴም አታውቅም ነበር። ስለዚህ በዚያ ሰሞን በራችንን ያንኳኳ ሁሉ፣ ቅቤ ሻጯ እንኳ ሳትቀር፣ እናቴ ዘንድ ተጠርጣሪ ነበር።

ጋሼ ወልዴ ከሰዓት በኋላ መጥተው ሰዓት እላፊው ሳይደርስባቸው ይወጣሉ። በሮቹን ከማጠፊያቸው ፈትተው ግድግዳ ያስደግፉና የድሮውን ቀለም ይፍቃሉ፤ ከዚያ የእንጨቱን መስመር ተከትለው በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ ያሹታል። ከሥሩ አይተነው የማናውቀው ቀላ ያለ እንጨት ብቅ ሲል፣ «አያችሁት? ፊቱን ታጥቦ ሲነሳ» ይሉናል። አጠገባቸው በከሰል ምድጃ ላይ የኮላ ጣሳ ይንተከተካል። የኮላው ሽታ፣ የፍሙ ሙቀትና ከጣሪያው የተንጠለጠለችው የአንዲት አምፖል ደብዛዛ ብርሃን ሲቀላቀሉ ማድቤቱ ሌላ አገር ይመስለኝ ነበር። እኔና ታናሽ እህቴ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ ብለን ተረታቸውን እንሰማለን።

የመጀመሪያው ቀን ተረት የጃርትና የጅብ ነበር። ጅብ እንግዳ መስሎ የጃርትን በር አንኳኳና፣ «ለመሆኑ እዚህ ቤት ስንት ናችሁ?» አላት። ጃርትም፣ «ከውጭ ሲያዩን አንድ ነን፣ ሲገቡብን ግን እንበዛለን» ብላ እሾኋን አቆመች። እኛ ሳቅን። እናቴ ግን ሽንኩርት መክተፏን አቁማ ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

«ስንት ናችሁ ብሎ ጠየቃችሁ?» አለች በሹክሹክታ።

«እሳቸው አይደሉም፤ ጅቡ ነው የጠየቀው።»

«እሱ ነው ጅቡ! ስለ ቤታችን ሰው አንዲት ቃል እንዳይወጣችሁ።»

በማግስቱ ጋሼ ወልዴ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው ከኋላው አጎንብሰው ቆይተው ቀና አሉ። «እትዬ በላይነሽ፣ ይሄ ጀርባው ተነቅሎ ያውቃል? የሌላው ምስማር ዝጓል፣ የዚህኛው ግን አዲስ ነው።»

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ ወልዴ» አለች እናቴ። «እርስዎ ቀለሙን ይቀቡልኝ እንጂ ምስማሩ ምን ያደርግልዎታል?»

ወደ ብርጭቆ ወረቀታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ሻይ ታቀርብላቸውና መጋረጃ ጀርባ ሆና ታያቸው ነበር። አንድ ቀን ሲወጡ ከቀበሌው ጥበቃ ጋር ቆመው ሲሳሳቁ አየች፤ በዚያን ምሽት እራት አልበላችም።

በአራተኛው ቀን እናቴ ለስኳር ሰልፍ ቀበሌ ሱቅ ሄደች። ጋሼ ወልዴ ስለ አንዲት ዝንጀሮ እየነገሩን የቁምሳጥኑን የጀርባ ጣውላ ነቀሉ። ድንገት ተረቱ ተቋረጠ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ወደ ምድጃው ዞረው ጎንበስ አሉና አንድ ነገር በእፍኝ በእፍኝ ከኮላው ጣሳ ሥር ይጨምሩ ጀመር። እሳቱ ቦግ አለ። የሚነደው ወረቀት ነበር፤ ፊደሎቹ ሲጠቁሩ አይቻለሁ። እሳቸው ተረቱን ቀጠሉ፣ ግን ዝንጀሮዋ ያለችበትን ረስተውታል፤ ዛፍ ላይ የነበረችውን ወንዝ አሻገሯት።

«የቀለም ፍቅፋቂ ነው ልጄ» አሉኝ ሳያዩኝ። «ይሸታል፣ በሩን ክፈቺው።»

እናቴ ስትመለስ ያየሁትን ነገርኳት። ሳጥኗን ከፍታ የቤቱን ወረቀቶች አንድ በአንድ አየች፤ የጎደለ የለም። ያ ግን አላረጋጋትም። «ሰው ቤት መጥቶ ወረቀት የሚያቃጥለው ምን የሚደብቀው ቢኖር ነው?» አለች። እሳቸውን ግን አልጠየቀችም። በዚያ ጊዜ ሰው አይጠየቅም፤ ይጠበቃል እንጂ።

ሥራው አልቆ ቁምሳጥኑ እንደ አዲስ አብረቀረቀ። ሦስት ቀን ሳይሞላው አሳሾቹ መጡ። አልጋውን ገለበጡ፣ የእህሉን ጆንያ ዘረገፉ፣ በመጨረሻ ማድቤት ገቡ። አንደኛው የቁምሳጥኑን ጀርባ በጠመንጃው ሰደፍ አንኳክቶ ጣውላውን ገነጠለ። ከባዶ ግድግዳና ካልደረቀ የቫርኒሽ ሽታ በቀር ምንም አልነበረም። ሄዱ።

እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የተዘረገፈውን እህል እየሰበሰበች፣ «ቀጥታ ወደ ቁምሳጥኑ ሄዱ እኮ! እሱ ካልነገራቸው ማን ነገራቸው?» አለች። ቀጥታ አልሄዱም ነበር። ያንን ግን ማናችንም አላልናትም።

በማግስቱ ቧንቧ ጋ ተሰልፌ ለጎረቤታችን ልጅ፣ «ጋሼ ወልዴ ጆሮ ጠቢ ናቸው» አልኳት። ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ወሬው ሳይውል ሳያድር ሰፈሩን አዳረሰ። ወንበር ያሠሩ ወንበራቸውን ሳይጨርሱላቸው ወሰዱ፤ በር ያዘዙ ትእዛዛቸውን ሰረዙ። ክረምቱ ሳይወጣ የራጉኤሏ ሱቅ ተዘጋች።

አጎቴ ሰለሞን ከስምንት ዓመት በኋላ ከእስር ተፈትቶ መጣ። ፀጉሩ ሸብቶ፣ ድምፁ ቀጥኖ። ማድቤት ገብቶ ቁምሳጥኑን በእጁ ዳሰሰና እናቴን፣ «በላይ፣ ከጀርባው የነበሩትን ምን አደረግሻቸው?» አላት።

«ምኖቹን?»

«እዚያ የሸሸግኳቸውን ወረቀቶች። ያኔ ያልነገርኩሽ ፈርቼ ነው። ቢያገኟቸው ኖሮ አንቺንም ልጆቹንም አይምሯችሁም ነበር።»

እናቴ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። እኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት። 

ጋሼ ወልዴን አፈላልገን ያገኘናቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኮልፌ በኩል በቆርቆሮ በተከለለች ቦታ በርጩማ ሲጠግኑ ነው። አርጅተዋል። እናቴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና፣ «ጋሼ ወልዴ፣ ያኔ ያቃጠሉልን ወረቀት…» ብላ ጀመረች።

እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከኋላችን ያለውን መንገድ አዩ። «የምን ወረቀት?» አሉ።

«ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያገኙት። ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት።»

«እትዬ፣ እኔ ያቃጠልኩት የቀለም ፍቅፋቂ ነው። ሌላ ያየሁት ነገር የለም። የጠየቀኝ ቢኖርም የምለው ይሄንኑ ነው።»

እናቴ አለቀሰች። እሳቸው መዶሻቸውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ። የላከን ሰው ያለ መስሏቸው ነበር።

ዛሬ እናቴ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ልጆቼን የሚያጫውት እንግዳ ሲመጣ ጆሮዬ ሳላዘው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ለምን ጠየቀ፣ ምን ሊያውቅ ፈልጎ ነው እላለሁ። ይህን ከእናቴ ወረስኩት ብዬ ልገላገል እሞክራለሁ። ግን በዚያች የቆርቆሮ ከለላ በር ላይ ቆሜ፣ ስምዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። የእናቴን እንባ ያላመኑ ሰው የእኔን ቃል ምን ብለው ይሰሙታል ብዬ ዋጥኩት። ተሳስቼ ይሆናል። እንደዋጥኩት አለሁ።