የቆመው ቱቦና የኑሩ ዐረብኛ

ከባሕር ዳር የወጣሁ ማታ ሹም አቦ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ነበር። ኤሌክትሪሺያን አገሩን ጥሎ ሲሄድ ቤቱ ጨለማ መሆኑ እኔን አሳቀኝ፤ እናቴን ግን አላሳቃትም። በስልኬ ብርሃን ሻንጣዬን ዘጋሁ፣ ጉልበቷን ስሜ ወጣሁ።

አውሮፕላን ማረፊያው ስደርስ ኑሩ ቀድሞኝ ደርሷል። ኑሩ የቁንዝላ ልጅ ነው። አባቱ ጀልባ ይሠራሉ፣ አጎቶቹ ዓሣ ያሰግራሉ። ባሕር ዳር ውስጥ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው እየዞርን አብረን ሽቦ ስንስብ የኖርን ጓደኛዬ ነው። ያን ማታ ሊሸኘው ቤተ ዘመዱ ሐይቁን ተሻግሮ መጥቶ ነበር። አንዱ ያቅፈዋል፣ ሌላው ዱዓ ያደርግለታል፣ እህቶቹ እያለቀሱ ይስቃሉ። የእኔ እናት እግሯን ስለሚያማት ቤት ቀርታለች፤ እኔ ሻንጣዬን ብቻዬን እጎትታለሁ። እንግዲህ ልንገራችሁ፣ ቅናቴ የጀመረው እዚያው ነው፤ ገና ከአገር ሳልወጣ።

ሻርጃ ወረድን። የግንቦትን ሙቀት የምታማርሩ ባሕር ዳሮች፣ እናንተ ወደ ማታ ላይ ከሐይቁ ነፋስ ይመጣላችኋል። እዚህ ባሕሩም ይሞቃል። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ የፈላ ድስት ክዳን ሲነሣ ፊት ላይ እንደሚመጣው እንፋሎት ነው። ዓሣው በረዶ ነው፤ ብታበስሉትም መሐሉ የቀዘቀዘ ይመስላችኋል። ሰው ሰላምታ ሰጥቶ መልስ ሳይጠብቅ ያልፋል። እኔ ደግሞ እንደ አገሬ የቤተሰቡን ደህንነት ልጠይቅ ስቆም ሰውየው ሊፍት ውስጥ ገብቷል።

አልጋ የምንከራየው አቡ ሳሚር ከሚባል ሰው ነበር። ኑሩ ከልጅነቱ ቁርኣን ስለቀራ ዐረብኛው ቶሎ ገባለት። እኔ የማውቀው «ያላ»ንና «ኸላስ»ን ብቻ ነው፤ አንዱ ጀምር ነው፣ ሌላው አቁም። ስለዚህ ኑሩ አስተርጓሚዬ ሆነ።

«በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ እፈልጋለሁ በልልኝ» አልሁት።

«የመስኮቱ አልጋ ዋጋው ሌላ ነው» አለ አቡ ሳሚር።

«መስኮቱ ምን ያሳያል?»

«የጎረቤትን መስኮት።»

«ይከፈታል?»

«ቢከፈት ሙቀት ይገባል። ስለዚህ እንዳይከፈት አድርጌዋለሁ። ለዚህ ደግሞ ምንም አላስከፍልም።»

በማግስቱ ከሥራ ስንመለስ የኑሩ ዕቃ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ ላይ ተቀምጧል። አቡ ሳሚር ራሱ ነው ያዛወረለት፤ ስለወደደው። ዋጋም አልጨመረበትም። ኑሩ «እንቀያየር» አለኝ። «አልፈልግም» አልሁት። መስኮቱን ሳይሆን መወደዱን እንደምፈልግ እንዴት አድርጌ ልንገረው?

ሥራችን የገበያ አዳራሽ ነበር። መሐሉ ከምድር እስከ ጣሪያ ፎቅ ያልገባበት ክፍት ነው፤ ብዙ ፎቅ ከፍታ አለው። ከታች መሐል ለመሐል የምግብ መሸጫ ባንኮኒዎች ይቆማሉ፣ መብራታቸው ከጣሪያው ይወርዳል። በአቅራቢያቸው ግድግዳ የለም፣ ምሰሶም የለም። መጀመሪያ የነበረው ፎርማን የሽቦውን ቱቦ ከጣሪያው ብረት አንጠልጥሎ እንዲሁ ለቀቀው። የአየር ማቀዝቀዣው ሲከፈት ቱቦው ይወዛወዛል፣ መገጣጠሚያዎቹ ይላላሉ።

ከከተማው ተቆጣጣሪ መጣ። ቱቦውን በሁለት ጣቱ ያዘና ነቀነቀው። ድምፁ እስከ ጣሪያ ድረስ ተንቀጫቀጨ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ፤ ኑሩ በጆሮዬ ይተረጉምልኛል።

«የመብራት መስመር ነው» አለ ፎርማኑ።

«እኔ የደወል ገመድ መስሎኝ» አለና አልፈቅድም ብሎ ሄደ። ፎርማኑም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

በምሳ ሰዓት ካርቶን ላይ በእርሳስ ሣልሁና ለኑሩ አሳየሁት። «ቱቦው አየር ላይ ብቻውን አይቆምም» አልሁት። «ከወለል እስከ ጣሪያ ባለ አራት ማዕዘን ብረት እናቁምለት። የብረቱን እግር ኮንክሪቱ ላይ በብሎን እናስረዋለን፣ ራሱን ከጣሪያው ብረት ጋር። ከዚያ ቱቦውን በእኩል እኩል ርቀት በክላምፕ፣ በብረት መቆንጠጫ፣ እንይዘዋለን።»

«የውስጡስ ሽቦ?» አለ ኑሩ። «ይህን ያህል ቁመት ሲንጠለጠል በራሱ ክብደት ከላይኛው መያዣ ይስባል።»

«መሐል ላይ ሳጥን እናስገባለን። ሽቦውን እዚያ ውስጥ ደግፈን እንይዘዋለን፤ ክብደቱ ይከፈላል።»

የሕንፃው ኢንጂነር በዚያ በኩል ሲያልፍ ኑሩ ካርቶኑን ይዞ ተነሣና በዐረብኛ ያስረዳው ጀመር። እኔ አጠገቡ ቆሜ አፉን አያለሁ። ስሜ እስኪጠራ እጠብቃለሁ። ዐረብኛው ፈጣን ነው፣ ይርጋ ደግሞ አጭር ስም ነው፤ አልሰማሁትም። ኢንጂነሩ የኑሩን ትከሻ መታ መታ አደረገና «ሙምታዝ» አለ። ይህችን ቃል እንኳ ለምጃታለሁ፤ «እጅግ ጥሩ» ማለት ናት።

ብዙም ሳይቆይ ኑሩ ነጭ ባርኔጣ አጠለቀ፤ ፎርማን ሆነ። እኔ ከሠራተኛው ቢጫ ባርኔጣ አልወጣሁም። ስሜን ጠርተህ ነበር ወይ ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ግን አልጠራሁም ቢለኝ አኮርፋለሁ፣ ጠርቻለሁ ቢለኝ አላምነውም። ስለዚህ ሳልጠይቀው ቀረሁ። አንድ ክፍል እያደርን እንደ እንግዳ ሆንን። ሲስቅ ይከፋኛል፣ ከቁንዝላ ሲደወልለት ይከፋኛል፣ ሰላት ሰግዶ ፊቱ ሲፈታ እንኳ ይከፋኛል።

ብረቶቹን አቆምን። እሱ ከታች «ትንሽ ወደ ግራ» ይላል፣ እኔ ሰው በሚያነሣው ማሽን ላይ ቆሜ ክላምፕ አጠብቃለሁ። እጄ ግን አላመፀም፤ እያንዳንዷን ብሎን የራሴ ቤት እንደሆነ አድርጌ አሠርሁ። ተቆጣጣሪው ተመልሶ መጣ። በሁለት ጣቱ ሞከረ፣ በአንድ እጁ ሞከረ፣ በመጨረሻ በሁለት እጁ ጎተተ። ቱቦው ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ኑሩን አንድ ነገር ጠየቀው። ኑሩ ጣቱን ወደ ላይ ቀሠረ። እኔ ከላይ ሆኜ አየሁት። ተቆጣጣሪው ቀና አለ፣ ጣሪያውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀና ፈረመ። ኑሩ ያመለከተው እኔን ይሁን የጣሪያውን ብረት ከዚያ ላይ ሆኜ መለየት አልቻልሁም።

ፎርማን ከሠራተኛው ቀድሞ እረፍት ይወጣል። ኑሩ አገሩ ሊገባ ሲል «ምን ላድርስልህ?» አለኝ። ለእናቴ እግር የሚሆን ቅባት ሰጠሁት።

ባለፈው እሑድ ስደውል እናቴ አነሣችና «ኑሩ እዚህ ነው» አለችኝ። «ከቁንዝላ ቆሮሶ ዓሣ ይዞልኝ መጣ። ሥጋችንን ስለማይበላ እሱኑ ወጥ ሠራሁለት። እንካ አናግረው።»

«ሐይቁ ሞልቷል» አለኝ ኑሩ። «ዛሬ ስሻገር ማዕበሉ እስከ ወገቤ አራሰኝ። ልብሴ አሁንም አልደረቀም።»

የእኔ ልብስ እዚህ ገና ሳልሰቅለው ይደርቃል። ከእሱ ኋላ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እሰማዋለሁ። አላስቻለኝም፤ ጠየቅሁት። «ያን ቀን ለኢንጂነሩ ስሜን ነግረኸው ነበር?»

«በዚህ ነው ስታኮርፍ የከረምኸው?» አለኝ። «መጀመሪያ የነገርሁት ስምህን ነው። ‘የማን እንደሆነ ተወውና እንዴት እንደሚቆም ንገረኝ’ አለኝ። አንተ አጠገቤ ነበርህ እኮ።»

አመንሁት። አሁንም አምነዋለሁ። የሚገርመው ግን ምንም አልቀለለኝም። ነጩን ባርኔጣ ረሳሁትና እርጥብ ልብሱን ተመኘሁ።

«እማዬን ስጠኝ» አልሁት።

እናቴ ስልኩን ተቀበለች። «ጤና ነህ?» አለችኝ። «በል፣ በኋላ እንጨዋወታለን፣ አሁን ልዝጋው። ወጡ ሳይቀዘቅዝ ልጄ ይብላበት።»

ልጄ ያለችው ኑሩን ነበር።