የሄርሚና የድንጋይ ጣውንት

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሄርሚና ዝይዎቿን እንኳ በወጉ አላበላችም። እህሉን ከነሣፋው ግቢው መሀል አስቀመጠችላቸውና "ዛሬ ራሳችሁን ቻሉ" ብላቸው ወጣች። በግራ ክንዷ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ሪባን ተንዠርግጓል። ስድሳውን ካለፈች ቆይታለች፤ ልቧ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዳንስ እንደተጠራች ኮረዳ ይደልቃል።

ጎረቤቷ ፊሎሜና በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "ወዴት ነው እንዲህ ተሽቀርቅረሽ?" አለቻት።

"ጣውንቴን ልቀብር!"

ፊሎሜና ከት ብላ ሳቀች እንጂ አልደነገጠችም። የሄርሚና ጣውንት ማን እንደሆነች ሌስኮቪትሳ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከመንደሩ በላይ፣ ኮረብታው አናት ላይ የቆመችው የሶኮሌትስ ግንብ ናት። የሄርሚና ባል ቬንዴሊን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሚስቱን ትቶ ወደ እሷ ይወጣል፤ የፈረሰውን ሊጠግን፣ የዘመመውን ሊያቃና። ይህን ሲያደርግ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።

እውነቱን ለመናገር እኛ ሌስኮቪትሳዎች ግንቡን ቀና ብለን የምናየው ልብስ ስናሰጣ ነው፤ ያውም ደመና መኖሩን ለማረጋገጥ። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ "ወደ ላይ በምን ይወጣል?" ብሎ ሲጠይቀን "በእግር" ብለን እንመልስለታለን። ደጃፍህ ላይ ያለን ነገር ለማየት ማን ተራራ ይወጣል? ቬንዴሊንም እንደማናችንም ነበር። የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜ ጫማውን አውልቆ አትክልቱን ያጠጣ ነበር። አንድ የመከር ወቅት ግን ከዋና ከተማው ከብራቲስላቫ የመጡ ተማሪዎች የግንቡ ግድግዳ ላይ የበቀለውን ዛፍ ልንቆርጥ ነው ብለው መጋዝ ተዋሱት። መጋዙን ሊያመጣ የወጣው ሰውዬ ማታ ሲመለስ መጋዙን እዚያው ትቶት መጣ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ "መጋዜን ላምጣ" ብሎ ወጣ፤ በሚቀጥለውም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የሄርሚና ቀን መሆኑ ቀረ። ልጃቸው ስትዳር እንኳ ቬንዴሊን ቤተ ክርስቲያን የደረሰው ጆሮው ውስጥ ኖራ ይዞ ነው። የራሱ የማገዶ ቤት ጣራ እንደ ወንፊት እያፈሰሰ የሰው ግንብ ይከድናል፤ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ ማለት እሱ ነው። ባሕሩም አለ። መላው መንደር በየበጋው ወደ ክሮኤሺያ ባሕር ይወርዳል፣ ቆዳው በፀሐይ ተልጦ ይመለሳል። ሄርሚና ግን ሻንጣ አዘጋጅታ ሻንጣ መፍታት ብቻ ሆነ ዕጣዋ፤ አንዴ ኖራው ሳይደርቅ ዝናብ ይመታዋል፣ አንዴ ግንበኛው ታሟል። ባሏ "ዘንድሮስ አይቀርም" ባለ ቁጥር "ላም አለኝ በሰማይ" ብላ ጀርባዋን ትሰጠዋለች።

የሚገርመው ደግሞ ሰውዬው ከዚያ ሲመለስ ደስ ብሎት አይመለስም። "ወይ ወገቤ!" እያለ ነው ደፍ የሚያልፈው። "እንዴት ዋላችሁ?" ስትለው "ድንጋይ ነው፣ ምን ውሎ አለው" ይላታል። እራቱን በልቶ ይተኛል። እሷ ትሠራበት የነበረው የጫማ ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ ቤቱ ጭጭ አለ። የሥራ ቀኑ እንደምንም ይገፋል፤ ቅዳሜ ግን ከዝይዎቿ ጋር ተፋጣ ትውላለች። ተናደደች፣ አዘነች፣ በመጨረሻም ያቺን ግንብ በእግሬ አልረግጥም አለች። አልረገጠችምም።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ምን ሆነ? የአናጢዎቹ አለቃ ራዶቫን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ኮፍያውን በእጁ ይዞ ደጇን አንኳኳ።

"እትዬ ሄርሚና፣ ሽማግሌ ሆነን ነው የመጣን።"

"ልጄን ድሬያለሁ፤ ዘገያችሁ።"

"የማማው ጣራ ወራጁ አልቆ ቆመልን። ዛፍ ሊቸነከርለት ነው። ሪባን የምታስርልን ግን አጣን።"

ነገሩ ገባት። በአገራችን የአንድ ቤት ጣራ እንጨቱ ተዋቅሮ ሲያልቅ አናጢዎቹ አናቱ ላይ ትንሽ ጥድ ይቸነክራሉ። በዛፉ ላይ ሪባን የምታስረው የቤቱ እመቤት ናት። ሌላ እጅ ካሰረው ጣራው ያፈሳል ይባላል። አናጢ ደግሞ እግዜርን ሊጠራጠር ይችላል እንጂ ይህን አይጠራጠርም። ግንቡ የመንደሩ ንብረት ነው፤ ከንቲባችን ደግሞ ወንደላጤ ነው።

"ግንቡ እመቤት የለውም" አለ ራዶቫን። "ብናስብ ብናስብ ከእርስዎ ሌላ የምትቀርበው ሴት አጣን።"

"የጣውንቴን ጸጉር ልሠራላት ነው የምትሉኝ?" አለች ሄርሚና። ሦስቱም አቀረቀሩ። እሷ ግን በሆዷ አንድ ነገር ብልጭ አለላት፤ ቬንዴሊንን ከጓዳ ጠራችው። "ና ማልልኝ! ዛፉ የተቸነከረ ዕለት በቃኝ በል። ከዚያ ባሕር ትወስደኛለህ። በእነዚህ ሰዎች ፊት ማል።"

ቬንዴሊን ኮፍያውን አወለቀ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ዛፉ ከተቸነከረ በኋላ የሶኮሌትስን ድንጋይ ብነካ፣ እጄ ይድረቅ" አለ። እኛ ዘንድ በአናጢ ፊት ምሎ መሐላውን ከበላ ሰው ጋር ብርጭቆ የሚያጋጭ የለም። ሄርሚና ያን ማታ እየዘፈነች ዕቃ አጠበች።

እንግዲህ ጣውንቷን ልትቀብር የወጣችው ለዚህ ነው። ዳገቱን ስትወጣ ድካም አልተሰማትም። የምታየው ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፤ የድንጋይ ክምር፣ ጥቂት የደከማቸው ሰዎች፣ በመሀላቸው ወገቡን የያዘ ባል። በሩን አልፋ ግቢው ውስጥ ስትገባ ግን ባለችበት ቀጥ አለች።

ሰው! የሰው መዓት! የመንደሩ አስተማሪ እጅጌውን ሰብስቦ ኖራ ያቦካል። የአውቶቡስ ሾፌሩ ድንጋይ እየጠረበ ያፏጫል። በአንድ ጥግ ትልቅ ድስት ጉላሽ፣ የሥጋ ወጥ፣ ይንተከተካል። ዳቦ ላይ የአሳማ ስብ ቀብቶ፣ ሽንኩርት ነስንሶ የሚያድል አለ፤ አንዱ ሌላውን ይሳደባል፣ ሌላው ይስቃል። ማማው ደግሞ ከታች ሲያዩት እንዲህ ትልቅ አይመስልም ነበር! አዲሱ ወራጅ ነጭ ሆኖ ሰማዩ ላይ ቆሟል፣ የእንጨቱ ሽታ ታች ድረስ ይመጣል። ሄርሚና አፏን ከፍታ ቀረች።

በዚህ ጊዜ ሰማዩ አጉረመረመ። ከማማው ላይ ራዶቫን ጮኸ፤ "ዝናብ መጣ! ሳንቃው ሳይርስ ማማው ውስጥ ይግባ! ሁሉም ይሰለፍ!"

ሁሉም የያዘውን ጥሎ ሮጠ። ከሳንቃው ክምር እስከ ጠመዝማዛው ደረጃ፣ ከደረጃው የድንጋይ ጣሪያ እስካለው ፎቅ ሰው ከሰው ጎን ተሰለፈ። አንድ ክፍተት ቀረ፤ ደረጃው መጀመሪያ ላይ።

"አንድ ሰው ጎደለ! እትዬ፣ ምን ይገትርዎታል? ይግቡ እንጂ!" አለ አስተማሪው።

ሄርሚና ሪባኑን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ገባች። የመጀመሪያውን ሳንቃ ስትቀበል ከበዳት። ሁለተኛውን ስትቀበል እጇ አስታወሰ። ፋብሪካው ውስጥ ጫማ እንዲህ ነበር የሚመጣው፤ ከግራ ተቀብሎ ወደ ቀኝ፣ ከግራ ተቀብሎ ወደ ቀኝ፤ ከጎንሽ ያለችው ስትቀልድ እጅሽ ሳይቆም። ከተዘጋ ጀምሮ የናፈቃት ደመወዙ ሳይሆን ይኼ እንደሆነ እዚያ ቆማ ነው የገባት። ደስታው ከእግሯ ተነስቶ ጉሮሮዋ ድረስ ሞላት።

"አስተማሪ! ተማሪዎችህንም እንዲህ ነው የምታንቀላፋባቸው? ፍጠን!"

"ኧረ እትዬ፣ ወገቤን!"

"ወገብህን ለሚስትህ ንገራት! ወዲህ በል!"

ሰልፉ በሳቅ ተናወጠ። አንዱ ዘፈን ጀመረ፣ ደረጃው ውስጥ ያሉት ተቀበሉት፣ ግድግዳው አስተጋባ። ጠብታው መውረድ ሲጀምር እጆቹ ፈጠኑ። ሄርሚና ጸጉሯ ተበትኖ፣ መሀረቧ ወድቆ፣ ትጮኻለች፣ ትዘፍናለች፣ ታዛለች። የመጨረሻው ሳንቃ ሲያልፍ ዝናቡ ዱብ አለ፤ ሁሉም ሆ ብሎ ወደ ማማው ውስጥ ገባ።

እሷም ደረጃውን ወጣች። ከላይ አንድ ሰው ቀልድ ይናገራል፤ ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ይንፈራፈራሉ። ድምፁን ታውቀዋለች፣ ግን ከየት እንደምታውቀው ጠፋባት። ቀና ስትል ቬንዴሊን ነው። ሳንቃ ላይ ቆሞ፣ የጣቢያ ኃላፊውን አነጋገር እያስመሰለ፣ ፊቱ በርቶ። እንዲህ ሲስቅ ያየችው ገና ሳይጋቡ ነው።

ሲያያት ቀልዱ አፉ ላይ ደረቀ። "ወይ ወገቤ" አለና ወገቡን ያዘ።

"አታፍርም?" አለች ሄርሚና። "ወገብህን አታምጣብኝ! ይኼን ሁሉ ዓመት ድንጋይ ነው፣ ምን ውሎ አለው ስትለኝ! ውሸታም! እዚህ በየሳምንቱ ሠርግ ነው የምትውለው!"

"ሄርሚንካዬ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ቤት ብቻሽን ትቼሽ እየዋልኩ፣ ደስ ብሎኝ ዋልኩ ልበልሽ? አይከፋሽም ነበር?"

"ይከፋኛል! በጣም ይከፋኛል! ከፍቶኝ ደግሞ ተከትዬህ እመጣ ነበር!"

ራዶቫን ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዝናቡ አባርቷል፣ ዛፉ እየጠበቀ ነው አለ። ትንሿን ጥድ ከፊቷ አቆሙላት።

ሪባኑን ከአንገቷ ፈትታ ማሰር ጀመረች። ቀዩን አሰረች፣ ሰማያዊውን አሰረች። ቢጫው ላይ ስትደርስ ጣቷ እምቢ አላት። ይኼ ከተቋጠረ ዛፉ ይወጣል፣ ዛፉ ከወጣ መሐላው ይጸናል፤ ያስማለችው ራሷ ናት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ስትጠላት የኖረችው ግንብ በአንድ ጠዋት ወረሰቻት።

"እትዬ፣ የምወጣበት ገመድ ወርዷል" አለ ራዶቫን።

ቋጠረችው። ራዶቫን ዛፉን ይዞ ወጣ፤ መዶሻው ተሰማ፤ ሪባኑ በነፋሱ ተዘረጋ። ግቢው በጩኸት ተናወጠ፣ ኮፍያ ወደ ሰማይ ተወረወረ፣ የፕለም አረቄው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሄርሚናም ከሁሉም በላይ ጮኸች፤ እንባዋም ወረደ።

ቬንዴሊን ግን አረቄውን አልቀመሰም። የሥራ ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀና ከላይ ለወረደው ራዶቫን ዘረጋለት። "እንግዲህ ምያለሁ" አለ። "ልጆች፣ ደኅና ሁኑልኝ።" ዕድሜውን ሙሉ ለሚስቱ የገባውን ቃል ሲያጥፍ የኖረ ሰው፣ ሌላውን ሁሉ አጥፎ፣ ዛሬ ቢታጠፍ የምትመኘውን ይኼን አንዱን ሊጠብቅ ተነሳ!

ሄርሚና ዘወር ብላ ራዶቫንን አየችው። "በሚመጣው ቅዳሜ ሥራው ምንድነው?"

"ሳንቃውን ጣራው ላይ መምታት ነው እትዬ። እስከ በረዶው ወቅት ካልደረሰ ጉድ ይፈላል።"

እጇን ሰደደችና ጓንቱን ከባሏ እጅ ወሰደች። ሰፋት። ቢሆንም አጠለቀችው። "በጠዋት እመጣለሁ።"

"አንቺ?" አለ ቬንዴሊን።

"እኔ። የማልከው አንተ ነህ እንጂ እኔ መቼ ማልኩ?"

ማማው በሳቅ ፈረሰ ማለት ይቻላል። ቬንዴሊን ብቻ ቆሞ ቀረ፤ ቅዳሜን ከዝይ ጋር መዋል ምን እንደሚመስል ገና አሁን የታየው ይመስል፣ ዐይኑ ፈጦ። "እኔስ?" አለ።

አንጀቷን በላት። "አንተማ ድንጋይ ብነካ እጄ ይድረቅ ብለሃል፣ መሐላ አይበላም" አለች። "ድስት ብነካ ግን አላልክም። የዛሬውን ጉላሽ ማን እንደሠራው እንጃ፣ ሲሸተኝ ቅመም የሚባል አልጎበኘውም። ተነስና ወጡን ያዝ።"

ቬንዴሊን ሊስቅ ሲል እንባ ቀደመው። ጠጋ ብሎ ግንባሯ ላይ ከሳንቃው ተለጥፎ የደረቀውን ኖራ በአውራ ጣቱ ጠረገላት። ሌሎቹ ወደ ድስቱ ወረዱ፤ ሁለቱ መስኮቱ ሥር ቀሩ።

"ባሕሩስ?" አላት። "ቃል ገብቼልሻለሁ እኮ።"

"ከእሱማ አታመልጠኝም!" አለች ሄርሚና። "ሰኞ እንሄዳለን።" ጓንቱን አየት አደረገችና ጨመረች፤ "ዓርብ ማታ ግን ቤታችን መግባት አለብን።"