የአሸዋው ማመልከቻ

ልጅ እያለሁ ለንደን፣ ሃክኒ ሰፈር ውስጥ የምንኖርበት ፎቅ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። ከካውንስሉ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ የሚመጣ ደብዳቤ፣ የሐኪሙ ቀጠሮ፣ የመድኃኒቱ አወሳሰድ ሁሉ በእኔ አፍ ነበር የሚያልፈው። ትልልቅ ሰዎች አፍ አፌን ሲያዩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ጠግቤ ነበር።

ዋና ደንበኛዬ ጎረቤታችን እማማ ለተብርሃን ነበሩ። ምጽዋ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊት ናቸው። እናቴ ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ስትውል የሚያበሉኝ እሳቸው ነበሩ። ክሮይደን ወዳለው የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ሲመላለሱ ኖረው የመኖሪያ ወረቀታቸው የመጣ ቀን፣ “በይ አሁን ባሕር ውሰጂኝ፤ እግሬን የጨው ውኃ ካስነካሁ ስንት ዘመኔ” አሉኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በባቡር ሄድን።

የሄድንበት ባሕር ዳር ሰው የሠራው ነበር። ማዕበሉ ከተማዋን እያጥለቀለቀ ቢያስቸግር፣ ከባሕሩ ወለል አሸዋ በመርከብ እየመጠጡ አምጥተው የከመሩት ነው። የተጠበሰ ድንችና የኮምጣጤ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። እማማ እንደደረስን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ካልሲያቸውን ማውለቅ ጀመሩ። አጠገባችን ኳስ የሚጫወቱ እኩዮቼ ተያይተው ሳቁ። ፊቴ በሀፍረት ጋለ። ከእነሱ ጋር መጫወት እፈልግ ነበር።

“ያ ምን ይላል?” አሉኝ እማማ ሰሌዳውን እያሳዩኝ።

የሰሌዳው የላይኛው ጽሑፍ፣ አሸዋው ቤቶቹን ከጎርፍ እንዲጠብቅ የመጣ ነው ይላል። ታችኛው ደግሞ የሁሉም መዝናኛ ነው፣ ግቡ፣ ዋኙ ይላል። ላይኛውን በትክክል ተረጎምኩ። ከዚያ፣ “ለመርገጥ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አፕላይ ማድረግ አለብዎት” አልኳቸው።

“እነዚህ ሁሉስ?”

“አፕላይ አድርገው ነው። ልጆች ብቻ አይጠየቁም።”

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። እማማ ግን ለመኖርም ለመሥራትም ፈቃድ ሲጠብቁ የከረሙ ሰው ናቸው፤ ነገሩ አልገረማቸውም። ካልሲያቸውን መልሰው አጠለቁ። እኔ ውኃ ውስጥ ስቦርቅ፣ እሳቸው ሲሚንቶው ግንብ ላይ ተቀምጠው ጫማዬን ሲጠብቁ ዋሉ።

ባቡር ውስጥ፣ “እንግዲህ አፕላይ አድርጊልኝ” አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲያ በጋ በመጣ ቁጥር፣ “ያ ማመልከቻዬ ምን ደረሰ?” ይሉኛል። “ገና ነው” እላለሁ። ይህን መልስ ከክሮይደን ስለለመዱት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እውነቱን ልነግራቸው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። በኋላ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ መጠየቁንም ተዉት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይወዱ ነበር። አምና ሲያርፉ፣ የእኔ እውነት ሳይነጋለት ቀረ።

በቀደም ልጄን ይዤ እዚያው ባሕር ሄድኩ። ባሕሩ የወሰደውን አሸዋ አምጥተው ሞልተውታል፤ ሰሌዳውም ታድሷል፤ ቃሉ ግን ያው ነው። የዛሬ ልጅ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም፤ ልጄ ሰሌዳውን ዞር ብላም ሳታይ ጫማዋን ወርውራልኝ ሮጠች። ደስ አለኝ። እማማ የተቀመጡበት ግንብ ላይ ጫማዋን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

“ማሚ፣ ነይ እንጂ!” አለችኝ ከውኃው።

“ገና ነው” አልኳት።